ቀዳዳው የመሬቱ ነው ወይስ የመረጃው?



የዛሬው ርእሳችን ስሙ ሲጠራ ከቢሮ የማይወጣ ሥራ ይመስላል። ወደ ውሃ ሞዴል የሚገባው የመሬት ከፍታ መረጃ ሲጎድል ጉድለቱን እንዴት እናገኘዋለን፣ እንዴትስ እናስተካክለዋለን የሚል ነው። ይሁን እንጂ ቤንሻንጉል ጉሙዝ አባይ ከአገር የሚወጣበት፣ ዲዴሳ፣ ዳቡስና በለስም አባይን የሚቀላቀሉበት ምድር ነው። እዚህ የሚሠራ የጎርፍ ካርታ፣ የመስኖ ቦይ፣ የከተማ ፍሳሽ ማስወገጃና የኃይል ማመንጫ ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ መሬቱ እዚህ ጋ ከፍታው ስንት ሜትር ነው? መልሱ በጠፋበት ቦታ ኮምፒውተሩ "አላውቅም" ብሎ አይቆምም። ካልከለከልነው በስተቀር የሆነ ቁጥር ወስዶ ስሌቱን ይቀጥላል፤ ውሃውንም በዚያው ይነዳዋል።

ህዳሴ ግድብ ካለበት ከጉባ ልጀምር። የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ስም ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው 1,780 ሜትር ርዝመት ያለውን የኮንክሪት ግንብ ነው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከእሱ አቅራቢያ ግን ሌላ ግድብ አለ። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታው 50 ሜትር ያህል ሲሆን ከድንጋይ ሙሌት የተሠራ ነው፤ ኮርቻ ግድብ ይባላል። ዋናው ግድብ የወንዙን መንገድ ይዘጋል። ኮርቻ ግድቡ በቆመበት ቦታ ግን የሚዘጋ የአባይ መንገድ አልነበረም። ታዲያ ያን ሁሉ ድንጋይ እዚያ መከመር ለምን አስፈለገ?

ሐይቁን የከበቡት ኮረብቶች እዚያ ቦታ ላይ ዝቅ ስለሚሉ ነው። ንጋት የተባለው ሐይቅ ሙሉ ሲሆን የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይደርሳል። ዋናው ግድብ ብቻውን ቢሠራ ኖሮ ውሃው እዚያ ከፍታ ሳይደርስ በዝቅታው በኩል ይወጣ ነበር። ስንጥቅ ያለበት እንስራ ውሃ የሚይዘው እስከ ስንጥቁ ድረስ ነው እንጂ እስከ አፉ አይደለም። መሐንዲሶቹ ያንን ዝቅታ በካርታና በልኬት አይተው አረጋገጡ፤ ከዚያም ደፈኑት። ቀዳዳው የመሬቱ ነበር።

እስቲ ጉዳዩን ገልብጠን እንየው። አንድ ባለሙያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የዚያኑ አካባቢ የከፍታ መረጃ ከፈተ እንበል። በኮረብቶቹ ሰንሰለት መካከል ቁጥር የሌላቸው ጥቂት ነጥቦች አየ። "ይህ የመረጃ ጉድለት ነው" አለና ከግራና ከቀኝ ያሉትን ኮረብቶች አማካይ ወስዶ ሞላው። ዝቅታው በእውነት እዚያ ከነበረ፣ ይህ ሰው በአንድ ትእዛዝ የሌለ ተራራ ሠርቷል። በሞዴሉ ሐይቁ አይፈስስም፤ በመሬት ላይ ግን ይፈስሳል። የተገላቢጦሹም አለ። ኮረብታው ድፍን ሆኖ ሳለ የመረጃ ስህተት ቀዳዳ ቢያሳይና ባለሙያው ቢያምነው፣ አላስፈላጊ ግድብ ይታቀዳል፤ ገንዘብም ይባክናል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ቀዳዳ ስናይ "በምን ልሙላው?" ከማለታችን በፊት "የማን ነው?" ብለን እንጠይቅ። የመሬቱ ነው ወይስ የመረጃው?

የምንጠቀምበት መረጃ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ይሰጣል። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር 11 ቀን ያህል ምድርን እየዞረች የመሬትን ከፍታ በራዳር ለካች። አንዱ አንቴና በመንኮራኩሯ ሆድ፣ ሌላው 60 ሜትር በሚረዝም ምሰሶ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለቱ አንቴናዎች የሚቀበሉት ሞገድ ልዩነት ተሰልቶ ከፍታ ይወጣል። ይህ ሥራ በአህጽሮት ኤስአርቲኤም ይባላል፤ ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉን ሸፍኗል። መጀመሪያ ለእኛ የተለቀቀልን በየ90 ሜትሩ አንድ ነጥብ ይዞ ነበር። የ30 ሜትሩ ለአፍሪካ የተፈቀደው በመስከረም 2007 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የተፋሰስ ጥናት ሲነሳ ይህን መረጃ ያልነካ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል።

ራዳር ግን ሁሉን አያይም። ሞገዱን የሚልከው ወደ ጎን አዘንብሎ ስለሆነ ገደል ሲያጋጥመው ከገደሉ ጀርባ ያለው መሬት ጥላ ውስጥ ይቀራል። በጣም ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ደግሞ የጫፉና የግርጌው ምላሽ በአንድ ጊዜ ተደራርቦ ይመለሳል፤ መለየት አይቻልም። ጸጥ ያለ የውሃ ገጽም ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አንጸባርቆ ባዶ እጁን ይሰደዋል። ስለዚህ ገደላማ የወንዝ ሸለቆዎች፣ ማለትም ለውሃ ባለሙያ ከሁሉ የሚያስፈልጉት ቦታዎች፣ ቀዳዳ ከሚበዛባቸው መካከል ሆኑ። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። መረጃው የሚጎድለው የምንፈልገው ነገር ባለበት ነው።

እነዚህ ባዶ ቦታዎች በፋይሉ ውስጥ አንድ ምልክት አላቸው፦ ከዜሮ በታች 32,768። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጥልቀት ስለሌለ ለምልክትነት ተመረጠ። ሶፍትዌሩ ምልክቱን ካወቀ ደህና ነው። ካላወቀ ግን ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ አድርጎ ይወስደዋል። የአካባቢው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይገባል፤ ተመልሶም አይወጣም። በዚህ በአሶሳ ዙሪያ 1,500 ሜትር ከፍታ ያላቸው 999 ነጥቦች ወስደን አንዲት ባዶ ነጥብ ብንጨምርባቸው፣ አማካይ ከፍታው ወደ 1,466 ሜትር ይወርዳል። አንዲት ነጥብ ሺሁን ነጥብ 34 ሜትር ታወርዳለች ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ ቀላል ነው፦ ማንኛውንም ነገር ከማስላታችሁ በፊት የመረጃችሁን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር እዩ። በአሶሳ ዞን ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ከፍታ ከወጣ መሬቱ አይደለም የተሳሳተው።

ይህ ራሱን በምልክት ያጋለጠ ቀዳዳ ነው። የሚያስቸግሩት ግን ቁጥር ይዘው የሚዋሹት ናቸው። ሦስት ዓይነቶቹን በክልላችን ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንደኛው የስፌት ቀዳዳ ነው። የኤስአርቲኤም ፋይሎች በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ ተቆራርጠው ነው የሚመጡት። አሶሳ ከተማ ከ10ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በ7 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። አሶሳ በአንድ ፋይል፣ ባምባሲ በሌላ ፋይል ነች። ህዳሴ ግድቡ ደግሞ ከ11ኛው ዲግሪ በስተሰሜን ነው፤ ሐይቁ ግን ወደ ደቡብ ያንን መስመር አልፎ ይተኛል። እያንዳንዱ የ30 ሜትር ፋይል 3,601 ረድፍ በ3,601 ዓምድ ነው። የዳር ረድፉ ከጎረቤቱ ፋይል ጋር የጋራ ነው። ሲሰፋ ይህ ካልታወቀ ወይ አንድ ረድፍ ይደገማል፣ ወይ በሁለቱ መካከል ቀጭን የባዶ መስመር ይቀራል። መስመሩ በስክሪን ላይ አይታይም፤ ውሃው ግን ያገኘዋል።

በዚህ ላይ የዞን ጣጣ አለ። አገር አቀፍ ካርታዎቻችን የሚጠቀሙበት የዩቲኤም ሥርዓት ዓለምን በየ6 ዲግሪው ይከፍላል። አሶሳ በ36ኛው ዞን ናት፤ አዲስ አበባ በ37ኛው። ወሰኑ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ እሱም መተከልን አቋርጦ ያልፋል። ከአዲስ አበባ በ37ኛው ዞን የመጣ መረጃ ወደ 36ኛው ሲዞር የነጥቦቹ ፍርግርግ በመጠኑ ይሽከረከራል፤ በዳሩ ላይ ሹል ሹል ባዶ ቁርጥራጮች ይወጣሉ። የቀድሞዎቹ 1፡50,000 ካርታዎች ደግሞ አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መሠረት የተሠሩ ናቸው። የዛሬው ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መሠረት ነው። ሁለቱን ሳናስማማ ብንደራርባቸው አንዱ ነጥብ ከሌላው 200 ሜትር ያህል ይርቃል። በገደል አፋፍ ላይ 200 ሜትር መንሸራተት ማለት ከወንዙ ውስጥ ወጥቶ ተራራ ላይ መቆም ነው። ስለዚህ በሁለት መረጃዎች መካከል ቀዳዳ ወይም እርከን ካያችሁ፣ መሙያ ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለቱ በአንድ መሠረት ላይ መሆናቸውን መርምሩ። ብዙውን ጊዜ የሚጎድል ነገር የለም፤ ያለው ቦታውን ስቷል እንጂ።

ሁለተኛው የሌለ መሬት ነው። ክልላችን በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ነው። የራዳሩ ሞገድ የቀርከሃውንና የዛፉን ቅጠል ሙሉ በሙሉ ሰንጥቆ መሬት አይደርስም፤ ከአናቱ በታች፣ ከመሬቱ በላይ የሆነ ቦታ ላይ ተመልሶ ያንን "መሬት" ብሎ ይመዘግባል። ወንዝ ዳር በተርታ የበቀለ ዛፍ በመረጃው ላይ ግንብ ይሆናል። በሁለት የቀርከሃ ጫካ መካከል ያለ ማሳ ደግሞ ሸለቆ መስሎ ይታያል፤ ሞዴሉም ውሃውን በሰው እርሻ ላይ ይነዳዋል። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ቀርከሃው የተመነጠረበት ቦታ ላይ ስንደርስ ጉብታው በመረጃው እንጂ በመሬቱ የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የዘፈቀደ ስህተት አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ስለሚል በብዛት ሲደመር ይጠፋፋል። የዛፍ ስህተት ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፤ በመደመር አይጠፋም። ዛፉን ለይተው ለመቀነስ የሞከሩ አዳዲስ የዓለም መረጃዎች አሉ፤ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያወጡት ፋብዴም ለምሳሌ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ እነሱም የእኛን ቀርከሃ እዚሁ መጥተው ስላልለኩት፣ ከመታመናቸው በፊት በሜዳ ልኬት መፈተን አለባቸው።

ሦስተኛው ራሱ ውሃው ነው። በኤስአርቲኤም ዝግጅት ጊዜ ከ183 ሜትር በላይ የሚሰፉ ወንዞች ወደ ታች እየወረዱ እንዲሄዱ ተደርገው ተስተካክለዋል፤ ሐይቆችም ጠፍጣፋ ተደርገዋል። ስለዚህ በአባይ መሃል የምታነቡት ቁጥር የወንዙ ወለል አይደለም፤ የውሃው አናት ነው። ጠበብ ባሉት ገባሮች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ የ30 ሜትር ነጥብ 900 ካሬ ሜትር መሬት ይወክላል። 8 ሜትር የሚሰፋ የአሶሳ ዙሪያ ወንዝ በዚያ ውስጥ ከነዳርቻው ይዋጣል። ድልድይም ሌላ ፈተና ነው፤ ከላይ የሚያይ መሣሪያ ድልድዩን እንጂ ከሥሩ የሚሄደውን ውሃ አያይም፤ ለሞዴሉ ድልድዩ ግድብ ነው። ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ካልቨርትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ጥገናው እንለፍ። በብዛት የሚሠራበት ሶፍትዌር "ጎድጓዳ ሙላ" የሚል ትእዛዝ አለው። አሠራሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ነጥብ ከስምንቱ ጎረቤቶቹ ይበልጥ ወደሚያዘቀዝቀው ያፈስሳል፤ ሁሉም ጎረቤቶቹ ከበለጡት ግን ውሃው እዚያው ይቆማል። ትእዛዙ ያንን ጎድጓዳ ውሃው ሞልቶ እስኪያልፍ ድረስ ከፍ ያደርገዋል። ለትናንሽ የመረጃ ጉድጓዶች ይጠቅማል። በድልድይ ላይ ስንጠቀምበት ግን ከድልድዩ ኋላ ያለውን ሸለቆ በሙሉ እስከ ድልድዩ አናት በአፈር ይሞላዋል። እዚያ የሚያስፈልገው መሙላት ሳይሆን መቅደድ ነው፤ በድልድዩ ሥር የውሃውን መንገድ በወንዙ ስፋትና ጥልቀት ልክ መክፈት። በዳቡስ ረግረግ ላይ ደግሞ ትእዛዙ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። ረግረጉ በእውነት ዝቅ ያለና ዘገም የሚል መሬት ነው፤ ክረምት ውሃ ይይዛል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። ስንሞላው ጠረጴዛ ይሆናል፤ የወንዝ መስመሮቹም እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ይሰመራሉ። በካርታችሁ ላይ እንዲህ ያሉ ቀጥ ያሉ ትይዩ ወንዞች ካያችሁ፣ የተፈጥሮ ረግረግ እንደሞላችሁ እወቁ። ረግረጉ ሲጠፋ ሞዴሉ ጎርፉን ከእውነተኛው ይልቅ ፈጥኖና በርትቶ ወደ ታች ይሰደዋል።

ምልክት ያለባቸውን ባዶ ቦታዎች በተመለከተ መጠናቸው መድኃኒታቸውን ይወስናል። አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ከሆነ ከዙሪያው ገምቶ መሙላት ይበቃል። ሰፊ ከሆነ ግን ከዙሪያው መገመት ሸለቆውን በሸራ እንደመሸፈን ነው፤ ወንዙ ይጠፋል። የዚህ ጊዜ ሌላ መረጃ እንበደራለን፤ የጃፓኑን አሎስ ወይም የአውሮፓውን ኮፐርኒከስ። ነገር ግን ቆርጦ መለጠፍ አይቻልም፤ ሁለቱ መረጃዎች በከፍታ ስለሚለያዩ በቁራጩ ዳር እርከን ይፈጠራል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ በቀዳዳው ዙሪያ ሁለቱም ባሉበት ቦታ ልዩነታቸውን ማስላት፣ ያንን ልዩነት ወደ ቀዳዳው ውስጥ ማዳረስ፣ ከዚያም በተበደርነው መረጃ ላይ መደመር። በዚህ ዘዴ ቅርጹ ከተበደርነው፣ ከፍታው ከራሳችን ይሆናል፤ ስፌቱም አይታይም።

ሙሌታችን ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን? መልሱ ወጪ የለውም። ከፍታውን የምታውቁትን ተመሳሳይ መሬት ምረጡ። በእጃችሁ ቅደዱት። በዘዴያችሁ ሙሉት። ከዚያም የሞላችሁትን ከደበቃችሁት ጋር አወዳድሩ። ስህተቱ 2 ሜትር ከሆነ ታውቃላችሁ፤ 20 ሜትር ከሆነም ታውቃላችሁ። ይህ ሳይደረግ "ቀዳዳውን ሞልቻለሁ" የሚል ሪፖርት ሲቀርብላችሁ አትቀበሉ።

አሁን ስለ ሦስት ማዕዘን መረብ፣ ባለሙያው ሜሽ ስለሚለው፣ ጥቂት ልበል። በተራቀቁት የጎርፍ ሞዴሎች መሬቱ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ወይም ባለ ብዙ ጎን ቁርጥራጮች ይሸፈናል፤ ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በጋራ ጠርዛቸው በኩል ነው። በነጥብ ፍርግርግ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ውሃ ይውጣል ብለናል። በመረብ ላይ ያለ ስንጥቅ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ውሃ ይከለክላል። ሁለት ቁርጥራጮች በስክሪን ላይ ተጣብቀው ይታያሉ፤ የአንዱ ማዕዘን ነጥብ ከሌላው በአንድ ሚሊ ሜትር ከተለየ ግን ለስሌቱ ጎረቤት አይደሉም። በመካከላቸው የማይታይ ግድግዳ ይቆማል፤ ከኋላውም ውሃ ይተኛል። ከዚያ "የከተማው ይህ ሰፈር ለጎርፍ የተጋለጠ ነው" የሚል ካርታ ይወጣል።

እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በዓይን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ መቁጠር ግን ያገኘዋል። በደህና መረብ ውስጥ እያንዳንዱ የውስጥ ጠርዝ የሁለት ቁርጥራጮች ነው፤ የዳር ጠርዝ የአንድ ብቻ። ስለዚህ የአንድ ብቻ የሆኑትን ጠርዞች ሁሉ ዘርዝራችሁ ጫፍ ለጫፍ አገናኙ። አንድ ቀለበት ብቻ ከወጣና እሱም ከጥናቱ ወሰን ጋር ከገጠመ መረቡ ደህና ነው። ሁለተኛ ቀለበት ከወጣ ቀዳዳ አለ፤ ቀለበቱ ራሱ ቦታውን ይነግራችኋል። አንድ ጠርዝ የሦስት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቁርጥራጮች ተደራርበዋል። ጥገናው ተቀራራቢ ነጥቦችን ወደ አንድ ማዋሃድ ነው፤ እዚህ ግን ቁጥብነት ያስፈልጋል። "ከ5 ሜትር በታች የተቀራረቡትን ሁሉ አዋህድ" ያለ ሰው 4 ሜትር የሚሰፋውን የከተማ ቦይ ሁለቱን ዳርቻዎች አጋጥሞ ይደፍነዋል። የማዋሃጃው ርቀት በአካባቢው ካለው ጠባብ ቦይ እጅግ ማነስ አለበት። ከፍ ያለ መንገድ ባለበት ደግሞ ብሬክላይን የሚባለውን መስመር በመንገዱ ጀርባ ላይ አስምሩ፤ ያኔ የቁርጥራጮቹ ጠርዝ መንገዱን ይከተላል። ያለዚያ አንድ ሰፊ ቁራጭ መንገዱን ረግጦ ይቀመጥና ውሃው መንገዱ ሳያግደው ወዲያ ማዶ ይሻገራል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ያህል ያወጣል የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። እንደገና ወደ ጉባ እንመለስና እናስላው። ንጋት ሐይቅ ሙሉ ሲሆን 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የሚይዘውም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። የሐይቁ ወለል መረጃ በአጠቃላይ በአንድ ሜትር ብቻ ወደ ላይ ቢሳሳት፣ ስሌቱ ላይ ወደ 1.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይጠፋል። የኤስአርቲኤም የከፍታ ስህተት በአፍሪካ ሲፈተን ከአሥሩ ዘጠኙ ነጥብ በ5.6 ሜትር ውስጥ ነው የተገኘው። ለአህጉር ጥሩ ውጤት ነው፤ ለአንድ ሐይቅ ሒሳብ ግን ስህተቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ካልታወቀ ብዙ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ መያዝ የጀመረው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃው የሸፈነውን የአባይ ሸለቆ ማንኛውም የራዳር ሳተላይት ሊያየው አይችልም። ከላይ የሚታየው የውሃው ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. የተለካው፣ እንዲሁም ከሙሌቱ በፊት በሌሎች መሣሪያዎች የተለካው መረጃ፣ ለሸለቆው ተመልሶ የማይገኝ ምስክር ሆኗል። አባይ ደለል ያመጣል። ደለሉ ስንት እንደሆነ ወደፊት የሚታወቀው ከጀልባ ላይ በድምፅ ሞገድ የሚለካውን አዲስ ወለል ከቀድሞው ጋር በማነጻጸር ነው። በቀድሞው መረጃ ውስጥ ዛፍ እንደ መሬት ተቆጥሮ ወለሉ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ወደፊት 3 ሜትር ደለል ቢከማች እንኳ ልዩነቱ ዜሮ ይወጣል። "ደለል የለም" እንላለን፤ ደለሉ ግን አለ። የዛሬ ሃያ ዓመት የሚሠራ ባለሙያ የሚያምነው ወይም የሚሳሳተው እኛ አሁን በምናስቀምጠው ፋይል ነው።

ከዚህ ተነስቼ አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

የመጀመሪያው፣ የሞላችሁትን ቦታ ሁሉ የሚያሳይ ሁለተኛ ፋይል ከመረጃው ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። የተለካው የቱ፣ የተገመተው የቱ፣ የተበደርነው የቱ እንደሆነ ነጥብ በነጥብ ይታወቅ። ግምት ነውር አይደለም። ነውሩ ግምትን ልኬት አስመስሎ ማስረከብ ነው።

ሁለተኛው፣ ያልተነካውን የመጀመሪያ መረጃ በፍጹም አትሰርዙ፤ በላዩም አትጻፉበት። የእናንተ ጥገና የተሳሳተ ሆኖ ከተገኘ ተከታዩ ሰው የሚመለስበት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው፣ ሜዳ ውረዱ። ቀዳዳው የመሬቱ ይሁን የመረጃው በመጨረሻ የሚፈርደው እዚያ የቆመ ሰው ነው። በጋ ላይ መንገድ ሲደርቅ በድልድይ ሥር፣ በካልቨርት አፍ፣ በወንዝ ወለል ላይ ለኩ። ጥቅጥቅ ባለ ቀርከሃ ሥር የሳተላይት መለኪያ ስለሚደክም ቶታል ስቴሽን የተባለውን የምድር መለኪያ መሣሪያ ያዙ። ድሮን የምትጠቀሙ ከሆነ ፈቃዱን አውጡ፤ ካሜራው ግን እንደ ራዳሩ ሁሉ ከቀርከሃው ሥር ያለውን መሬት እንደማያይ አትርሱ። የበርታውን፣ የጉሙዙን፣ የሽናሻውን፣ የማኦውንና የኮሞውን ሽማግሌም ጠይቁ፦ "አባባ፣ በከባዱ ክረምት ውሃው እስከየት ወጣ?" በሉ። ጣታቸው ያመለከተውን ዛፍ ከፍታ ለኩ። ያ አንድ ነጥብ የሞዴላችሁን ጎርፍ ከሚያረጋግጡ ምርጥ ማስረጃዎች አንዱ ይሆናል።

አራተኛው ለተማሪዎችና ለመምህራን ነው። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጥናት ስንት ነጥብ ይለካል! ጥናቱ ከቀረበ በኋላ ነጥቦቹ ከላፕቶፑ ጋር ይጠፋሉ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የክልሉ ቢሮዎችና የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተነጋግረው፣ የተለካ ነጥብ ሁሉ ከቀኑ፣ ከመሣሪያው ዓይነትና ከመለኪያ መሠረቱ ጋር የሚቀመጥበት አንድ ቋት ይኑር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት በመረጃም ደርሶብናል፤ ወንዙ በደጃችን እያለፈ ስለ ወለሉ የምናውቀውን ከጠፈር እንጠብቃለን። ይህን መለወጥ በጀት ብቻ የሚፈልግ ጉዳይ አይደለም፤ የለካነውን ያለመጣል ልማድ ይፈልጋል።

በጉባ ያሉት መሐንዲሶች የመሬቱን ቀዳዳ አውቀው በድንጋይ ደፍነዋል። የመረጃውን ቀዳዳ መድፈን የእኛ ድርሻ ነው፤ ከመድፈናችን በፊት ግን እንለየው። ያልተለየ ቀዳዳ የሞላ ሰው ሥራ አልጨረሰም፤ ለሌላ ሰው ወጥመድ አስቀምጧል።